የጎልማሳ ድካምና የመንዝ ዓመት

 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ድካም ነው። ቀኑን ሙሉ ሲያርስ ወይም ቆሞ ሲያስተምር የዋለ ሰው ማታ የሚሰማው፣ አድሮ ሲነሣ የሚለቀው ድካም አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ተኝተውም የማይለቀው ነው። አርባውን የተሻገረ መምህር ጠዋት ደወሉ ሲደወል ልቡ ይከብደዋል። ድሮ ተማሪ ሲጠይቀው ደስ ይለው የነበረ ሰው ዛሬ እጅ ሲወጣ ይሰለቸዋል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ከሕመምተኛው ፊት ይልቅ ካርዱን ታያለች። ነጋዴው ሱቁን ከፍቶ ደንበኛ ባይመጣ ይመኛል። «ምን ሆነህ ነው?» ሲሉት «ምንም» ይላል። መዋሸቱ አይደለም፤ እዚህ ጋ ያመኛል ብሎ በጣቱ የሚያሳየው ቦታ የለውም።

የዓለም ጤና ድርጅት ይህን መዛል እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው 11ኛው የበሽታዎች መመደቢያ ውስጥ አስፍሮታል፤ መመደቢያው ሥራ ላይ የዋለው በ2022 ነው። በሽታ ብሎ ግን አልመዘገበውም። ለረጅም ጊዜ መላ ሳይበጅለት ከቆየ የሥራ ጫና የሚመጣ ነገር ነው ብሎ ሦስት ምልክቶች አስቀመጠለት። አንደኛው ጉልበት አልቆ መቅረት ነው። ሁለተኛው ከሥራው በልብ መራቅና መማረር ነው። ሦስተኛው የሚሠሩት ሁሉ ዋጋ የሌለው መስሎ መታየቱ ነው። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1974፣ ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በኒው ዮርክ በነፃ ሕክምና መስጫ ስለሚያገለግሉ ሰዎች ጽፎ ነበር። ያስተዋለው ነገር ለእኛም ይጠቅመናል፤ ፈጥነው የሚዝሉት ሰነፎቹ አልነበሩም። ሥራቸውን ከልብ የሚወዱትና እምቢ ማለት የማያውቁት ነበሩ።

ታዲያ ለምን በጉልምስና ይብሳል? በዚያ ዕድሜ ሰው ከላይም ከታችም ይያዛል። እናትና አባት አርጅተው ጧሪ ይፈልጋሉ፤ ልጆች ገና ትምህርት ቤት ናቸው። እድሩ ዳኛ፣ ማኅበሩ ሙሴ፣ ቀበሌው የኮሚቴ ሰብሳቢ አድርጎ የሚመርጠው ይህንኑ ጎልማሳ ነው። ሰርግ ሲሆን መዋጮ፣ ልቅሶ ሲሆን መዋጮ። ሰውነቱ ደግሞ የሃያ አምስት ዓመት ልጅ አይደለም፤ ያኔ በአንድ ሌሊት እንቅልፍ ይጠገን የነበረው አሁን ሳምንት ይፈልጋል።

ይህ ድካም እንዴት እንደሚመጣ የሚያሳይ፣ በሰሜን ሸዋ ደጋ ገበሬ ዘንድ የታወቀ የቆየ የእርሻ ዘዴ አለ፤ አፈር ማጋየት። ውሃ የሚይዝ ከባድ መሬት ለዓመታት ጦም ካደረ በኋላ ይታረሳል። ጓሉ ይደርቃል፣ በየቦታው ይቆለላል፣ ውስጡ ኩበት ተጨምሮ በእሳት ይጋያል። ያ አፈር ተበትኖ ገብስ ሲዘራበት የመጀመሪያው ዓመት ምርት ያስደንቃል። ከዚያ ይቀንሳል፣ ደግሞም ይቀንሳል። እሳቱ ለጊዜው ለሰብሉ ምግብ ቢለቅም አፈሩን አፈር ያደረገውን ብስባሽ ስለበላው፣ መሬቱ ብዙ ዓመት ካልተኛ በቀር አያገግምም። ብዙዎቻችን ሃያዎቹንና ሠላሳዎቹን ያሳለፍነው እንዲህ ነው። አርባዎቹ ላይ ምርቱ ሲቀንስ ደግሞ የሚታየን መላ እሳት መጨመር ነው፤ ተጨማሪ ኮርስ፣ ተጨማሪ ንግድ፣ ተጨማሪ ኃላፊነት።

እንዲህ ያለውን መዛል ያየ ብዙ የውጭ አገር ጸሐፊና አማካሪ ዛሬ «ከወቅቶች ጋር ኑሩ» ይላል። ምክሩ ጥሩ ነው፤ የተጻፈው ግን ለሌላ ሰማይ ነው። በስዊድን ስቶክሆልም በጨለማው ወራት የቀኑ ርዝመት 6 ሰዓት ገደማ ብቻ ይሆናል፤ በሞቃቱ ወራት ከ18 ሰዓት ያልፋል። እዚያ ሰውነት የሚታዘዘው ብርሃንን ነው። በእኛ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ሰማይ ሥር ግን በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚበላለጡት በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። የእኛን ዓመት የሚለውጠው ዝናቡ፣ ጉሙ፣ ውርጩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰዎች ተስማምተው የሚሠሩበትና የሚያርፉበት ሥርዓት ነው። ዛሬ አጥብቄ ልናገረው የምፈልገው ይህን ነው፤ በእኛ አገር ዕረፍት ለእያንዳንዱ ሰው ፈቃድ የተተወ ነገር አልነበረም። ቀን ተቆርጦለት፣ በሕግ ታስሮ፣ ሁሉም አብሮ የሚያርፈው ነበር።

ዓመቱን እንመልከተው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል። መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። የሜትዎሮሎጂ ባለሙያዎች በበኩላቸው በጋ፣ በልግና ክረምት ብለው ሦስት ያደርጉታል፤ በልጉ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ነው። የመንዝና የግሼ ደገኛ ሁለቱንም ያውቃል። በልግ ከቀናው ጥርና የካቲት ላይ ገብሱን ዘርቶ ክረምቱ ሲገባ ያነሣል። የመኸሩን ደግሞ በሰኔና በሐምሌ ዘርቶ፣ ውርጭ ካልቀደመው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ያጭዳል። ወደ መርሐቤቴ፣ ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወርዱ መሬቱም ሰብሉም ይለወጣል፤ ጤፉና ማሽላው ሌላ ወር፣ ሌላ ጥድፊያ አለው። ስለዚህ በአንድ ሰሜን ሸዋ ውስጥ እንኳ አንድ ዓይነት የሥራ ዓመት የለም። በመርሐቤቴ ዓለም ከተማ ያለው ሰው የመንዝ ማሐል ሜዳውን ሰው ዕረፍት ልገልብጥ ቢል አይሆንለትም።

በዚህ የሥራ ዓመት ላይ የበዓሉና የጾሙ ዓመት ተደርቧል። ቅዳሜና እሑድ ሰንበት ናቸው። አቦ በ5፣ ሥላሴ በ7፣ ሚካኤል በ12፣ ገብርኤል በ19፣ ማርያም በ21፣ መድኃኔ ዓለም በ27 ይውላሉ፤ እንደየደብሩም ሌላ አለ። በበዓል ቀን በሬ አይጠመድም፤ ብቻውን ጠምዶ የተገኘ ሰው ጎረቤት ይቆጣዋል፣ በረዶ ቢወርድ የሚወቀሰው እሱ ነው። ጾሙም የራሱ ዑደት አለው፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ በነሐሴ፣ የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ገና። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ግን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። መቀነስም መጨመርም ተራ አላቸው። ለሙስሊም ወገኖቻችንም ጁምዓው አለ፤ ረመዳን በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ ወደ 11 ቀን እየቀደመ በየወቅቱ ይዞራል።

በዓል በዝቶ አገር አደኸየ የሚል ክርክር ድሮም ነበር፣ ዛሬም አለ። ከፊሉ እውነት ሊኖረው ይችላል። እኔ ግን የሚታየኝ ሌላው ገጽ ነው። ጉልበቱ ብቻ ሀብቱ የሆነ ሰው በሬውንም ራሱንም ሳይጨርስ እስከ እርጅና የሠራው እነዚያ ቀናት ስለነበሩ ነው። ያረፈውም ስለደከመው ሳይሆን ቀኑ ስለደረሰ ነው። ያ ትልቅ ልዩነት አለው። የዛለ ሰው ዕረፍቱን ከድካሙ ጋር ካሰረው ሁልጊዜ ይዘገያል፤ ዛሬ ገና አልወደቅሁም እያለ ይቀጥላልና።

የዚህ አስተሳሰብ ትልቁ ምስክር ጓሳ ነው። መንዝ ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ፣ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ የሣር ምድር ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው የጓሳ ሣር የሚበቅልበት ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አስቦና ጌራ ከተባሉ አባቶች እንደተጀመረ የሚነገር፣ ቄሮ የሚባል የመጠበቂያ ሥርዓት ነበረው። በዚያ ሥርዓት ጓሳ ይዘጋ ነበር፤ አንዳንዴ ሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ድረስ። በተዘጋበት ጊዜ ማንም አያጭድም፣ ከብትም አይገባም ነበር። ሣሩ መድረሱን አይተው የሚከፍቱት በሕዝብ የተመረጡት፣ አባ ቄራ የሚባሉት አለቆች ነበሩ፤ ቀኑም በገበያና በቤተ ክርስቲያን ይነገር ነበር። የተላለፈ ይቀጣ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ሣሩ ያረፈው የመንዝ ሰው ሁሉ ትዕግሥተኛ ስለሆነ አይደለም። እኔ ስተው ጎረቤቴ ያጭደዋል የሚለውን ፍርሃት ሕጉ ስላነሣለት ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ቄሮው ከርስቱ ሥርዓት ጋር አብሮ ፈረሰ፤ ጓሳም ክፉኛ ተጎዳ። በኋላ ግን የአካባቢው ሕዝብ በአዲስ መተዳደሪያ መልሶ ይጠብቀው ጀመረ፤ ዛሬ በማኅበረሰብ ጥበቃ ሥር ያለ ስፍራ ነው። የዛለ ጎልማሳም የሚያርፈው በብቻው ጽናት አይደለም። ቤተሰቡና ባልደረቦቹ ከተስማሙለት ያርፋል፤ ካልተስማሙ ግን ተኝቶም ልቡ ሥራው ላይ ነው።

አሁን የዛሬውን የሥራ ዓመት እንየው። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሪፖርቱ ሁሉ የሚከመረው ያኔ ነው። የግብርና ባለሙያው በግንቦትና በሰኔ ማዳበሪያ ሲያከፋፍል ይከርማል፤ ጥርና የካቲት ደግሞ የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ነው። መምህሩ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሊያርፍ ሲል ዲፕሎማውን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ የክረምት ትምህርት ይገባል። አንድ ክረምት ሳይሆን በተከታታይ ክረምቶች። መስከረም ላይ ክፍል ሲገባ ዓመቱን የጀመረ ይመስላል እንጂ ያለፈውን ዓመት ገና አልጨረሰውም። መማሩ ክፉ ነው አልልም፤ የደመወዝ ነገር ሰውን ያስገድዳል። ግን ክረምቱን ለትምህርት የሰጠ ሰው በምትኩ ሌላ የተዘጋ ወር ሊኖረው ይገባል። የፈተናው ሳምንት በጥር መጨረሻ ካለቀ ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ሳምንታት ከትርፍ ሥራ፣ ከማስጠናቱም፣ ከኮሚቴውም አስቀድሞ ይዝጋቸው።

ሴቶችን ሳላነሣ ይህን ዝግጅት ብጨርስ በደል ነው። የሰንበቱ ሕግ በሬውን አሳርፏል፣ ገበሬውንም አሳርፏል። በዓሉ ሲቃረብ ግን ጌሾ ወቅጣ ጠላ የምትጠምቀው፣ እንጀራ የምትጋግረው፣ ወጥ የምትሠራው፣ እንግዳ ወጥቶ ሲያልቅ ዕቃ የምታጥበው ማን ናት? ወፍጮና ፈትል በሰንበት ይቀራል፤ ውሃና ማገዶ ግን አይቀርም። አርባ አምስት ዓመት የሞላት እናት፣ በተለይ ቀን ቢሮ ውላ ማታ ጓዳ የምትገባዋ፣ በዓል በመጣ ቁጥር የባሰ ትዝላለች። ልጇ «እማ፣ በዓል እኮ ነው፣ ለምን ፊትሽ ጠቆረ?» ትላታለች። እንግዲህ ለእሷ ወቅትን ተከትሎ መኖር ማለት በዓል መጨመር አይደለም፤ በዓሉ የሚያመጣውን ሥራ ማከፋፈል ነው።

የዛለ ሰው አንድ ዓመት ሙሉ ለራሱ ይስጥ እላለሁ። በአንድ የዕረፍት ሳምንት አይመለስም፤ ዓመታት የወሰደውን ድካም ዓመት እንጂ ሳምንት አይጠግነውም። ክረምት ላይ ከሆናችሁ አዲስ ነገር አትጀምሩ። ጉሙ ሲወርድና ብርዱ ሲጠና ደገኛው የሚያደርገውን አድርጉ፤ በጊዜ ቤት መግባት፣ ትኩስ አጥሚት ወይም ገንፎ መብላት፣ ቶሎ መተኛት። ብርዱን ለመግፋት አረቄ የሚወስድ ሰው ይኖራል። አረቄ ቶሎ ያስተኛል፣ ግን እኩለ ሌሊት ላይ ያነቃል፤ እንቅልፉንም ይሰባብረዋል። በመንዝ ክረምቱን የሚያስከርም የእጅ ሥራ አለ። የበጉ ጸጉር ይነደፋል፣ ይፈተላል፣ ባናና ዝተት ይሆናል። እጅ እየሠራ አእምሮ የሚያርፍበት እንዲህ ያለ ሥራ ስልክ እያዩ ከማምሸት በጣም ይሻላል። መፍተል የማይችል ሰው መስፋት፣ አትክልት መኮትኮት፣ የተበላሸ ወንበር መጠገን ይችላል።

መጸው ሲገባ የሦስተኛው ምልክት መድኃኒት ይገኛል። የሠራሁት ሁሉ ከንቱ ነው የሚል ሰው በኅዳርና በታኅሣሥ ዓውድማ ላይ ቢቆም ጥሩ ነው። ገበሬው ውቂያው ሲያልቅ እህሉን በቁናና በጆንያ ሰፍሮ ያየዋል፤ ቢያንስም ቢበዛም ዓመቱ ምን እንደሰጠው ያውቃል። አስተማሪና ነርስ ግን ልኬት የላቸውም። ስለዚህ ታኅሣሥ ላይ አንድ ደብተር አውጡና በዓመቱ ያደረጋችሁትን ጻፉ። ማንበብ የቻለውን ልጅ፣ በሰላም ያዋለዳችኋትን እናት፣ የከፈላችሁትን ዕዳ፣ ያስታረቃችሁትን ጎረቤት ጻፉ። ሪፖርት አይደለም፤ ለማንም አይላክም።

በጋው የሰው ጊዜ ነው። ጥምቀት አለ፣ ጥር ሰርግ ይበዛበታል። የዛለ ሰው ብቻውን መሆን ይወዳል፤ ከሰው መለየት ግን ድካሙን ያባብሰዋል። ሁሉም ሰርግ ላይ ሂዱ አልልም፣ ኪስም አይችልም። ከሚወዱት ሰው ጋር ተቀምጦ መጨዋወቱ ግን አይቅር። በዐቢይ ጾም ደግሞ ከምግቡ ጋር ሌላም ነገር ቀንሱ፤ የምሽት ስልክን፣ የማይጠቅም ስብሰባን፣ ለራስ የተጫነ ተጨማሪ ሥራን። የስኳር ወይም የጨጓራ ሕመም ያለባችሁ፣ መድኃኒት የምትወስዱ፣ ከሐኪም ጋርና ከንስሐ አባታችሁ ጋር ሳትመክሩ አትጹሙ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሰውነት መነቃቃት ይጀምር ይሆናል። በዚህ ጊዜ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፤ ትንሽ ጉልበት ሲያገኝ የቆየውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያነሣል። አንድ ነገር ብቻ ምረጡ።

ይህ ሁሉ ምክር ግን የማይበቃው ድካም አለ። ከሁለት ሳምንት በላይ ቀኑን ሙሉ ሐዘን ከተጫናችሁ፣ ምንም ነገር ካላስደሰታችሁ፣ ምግብ ካስጠላችሁ፣ መኖሬ ለምን የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ ይህ የድባቴ ሕመም ሊሆን ይችላልና ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ሕክምና አለው። የራስን ሕይወት የማጥፋት ሐሳብ ከሆነ ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ተናገሩ፤ ብቻችሁን አትደሩ። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ መታወክና ስኳርም ሰውን እንዲሁ ያደክማሉ፤ በምርመራ ይለያሉ። ከ45 እስከ 55 ባለው ዕድሜ የወር አበባ ሊቆም ሲል ሴቶችን ሙቀትና ላብ ይፈራረቅባቸዋል፣ እንቅልፍ ያጣሉ፤ በዚህም ሐኪም ሊረዳ ይችላል። በቅርብ ዓመታት በአካባቢያችን ጦርነት ስለነበረ በተኩስ ድምፅ የሚባንኑ፣ ያዩት ነገር በሕልማቸው የሚመላለስባቸው አድማጮች እንዳሉንም አውቃለሁ። ያ የሥራ ድካም አይደለም። በወቅት መኖር ብቻ ይፈታዋል ብዬ አልሸነግላችሁም፤ የሚያዳምጥና የሚያክም ሰው ያስፈልገዋል።

አሁን ሬዲዮኑን ስትዘጉ ቤት ካለ ሰው ጋር ተቀመጡ። ቀን ቁረጡ፤ ከወሩ በዓላት አንዱን ምረጡና ያን ቀን ቤቱ ሁሉ እንደሚያርፍ ተስማሙ። ያን ቀን ውሃውን ማን ይቀዳል፣ ከብቱን ማን ያሰማራል፣ ምሳውን ማን ያቀርባል የሚለውን ዛሬውኑ በስም ተከፋፈሉ። እናት በዝርዝሩ ውስጥ አትግባ። ቢሮ የምትሠሩም ለባልደረባችሁ ንገሩት፤ የእናንተን ሥራ በዚያ ቀን እሱ ይዞ፣ በሚቀጥለው ወር የእሱን እናንተ ትይዙለታላችሁ። አዝመራ ደርሶ ጥድፊያ ቢመጣ ቀኑ ወደሚቀጥለው ሳምንት ይሸጋገር እንጂ አይሰረዝ። በሚቀጥለው ዝግጅታችን የጀመራችሁ ሰዎች ያጋጠማችሁን እንሰማለን።